ሰያፉ ብረት ይቆረጥ

(የአሥራ አራት ፎቅ ሕንፃ ዘጠነኛ ወለል። ገና ያላለቀ ሳሎን፤ ትልቁን መስኮት ከጥግ እስከ ጥግ ወፍራም ሰያፍ ብረት ያቋርጠዋል። የሳይት ኃላፊው ጣሪያውን ለመመርመር ከቧንቧ የተሠራ ረጅም መወጣጫ ላይ ቆሟል። ሠራተኞቹ «አዋቂው» ይሉታል፤ ስለሚያውቅ ሳይሆን ያልተጠየቀውን ስለሚመልስ ነው። ከታች በያጁ መቁረጫውን ይዟል፤ ሦስት ጊዜ ካልተነገረው አይገባውም ይባላል።)

አዋቂው፦ ቁረጠው አልኩህ! ስንቴ ልንገርህ?

በያጁ፦ ፕላኑ ላይ አለ እኮ፣ አለቃ።

አዋቂው፦ ፕላኑ ላይ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ሴትዮም አለች! እዚህ አየሃት?

በያጁ፦ (ዞር ዞር ብሎ ፈልጎ) አላየኋትም።

አዋቂው፦ የባለ ሕንፃው አማት ነገ ጠዋት ቤታቸውን ሊያዩ ይመጣሉ። «ብረቱ ከመስኮቴ ካልተነሳ አንተ ከሥራህ ትነሳለህ» ብለውኛል። ገባህ?

በያጁ፦ አልገባኝም። ብረቱ ሥራው ምንድን ነው?

አዋቂው፦ ምንም! የሕንፃ ክብደት ወደ ታች ነው። አግዳሚው ለቋሚው ያቀብላል፤ ቋሚው ይሸከማል። አለቀ! ሰያፉ ጌጥ ነው።

በያጁ፦ ኢንጂነሯ ግን ነፋስና የመሬት መንቀጥቀጥ ሕንፃውን ወደ ጎን ሲገፉት የሚይዘው እሱ ነው ብላለች። እሱና የሊፍቱ ዙሪያ ግድግዳ ይረዳዳሉ አለች።

አዋቂው፦ ይሄን ሁሉ ኮንክሪት ነፋስ ሊገፋው? ፌስታል መሰለህ? ያንተ ጭንቅላት ለሄልሜት ማስቀመጫ ብቻ ነው የተሠራው! እዚህ ክፍል ውስጥ አንድም ሰያፍ ነገር እንዳላይ!

በያጁ፦ አንድም?

አዋቂው፦ አንድም!

በያጁ፦ ከየቱ ልጀምር?

አዋቂው፦ ከፈለግኸው ጀምር!

(በያጁ መቁረጫውን አስቀምጦ የብሎን መፍቻ ያነሳል። የመወጣጫውን ቋሚዎች በሰያፍ ያሰሩትን ቧንቧዎች አንድ በአንድ መፍታት ይጀምራል። ጣሪያ ጣሪያውን የሚያየው አዋቂው ልብ አላለም። መወጣጫው ወደ ቀኝ ዘመም፣ ወደ ግራ ዘመም ይላል።)

አዋቂው፦ ወይኔ! መሬት ተንቀጠቀጠ!

በያጁ፦ ኧረ መሬቱ ደህና ነው። ጌጡን እያነሳሁልዎ ነው።

አዋቂው፦ የምን ጌጥ? ተው! ልወድቅ ነው!

በያጁ፦ ለምን ይወድቃሉ? አራቱም ቋሚዎች አሉ፤ አግዳሚ አልነካሁም። ክብደትዎ ወደ ታች ነው።

አዋቂው፦ ወደ ጎን እየሄድኩ ነው! መልሰው!

በያጁ፦ ትንሽ ይታገሡኝ፣ አንድ ነው የቀረችኝ።

አዋቂው፦ (ቧንቧውን አቅፎ) ጋሼ! በናትዎ፣ ጋሼ፣ ይመልሱልኝ!

በያጁ፦ የመስኮቱስ ብረት?

አዋቂው፦ አይነካም! ማንም አይነካውም!

በያጁ፦ (ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ ላይ እያቀበለ) እንደሱ ብለህ ጻፍና ፈርም።

(አዋቂው በአንድ እጁ ቧንቧውን እንዳቀፈ ይፈርማል። በያጁ ረጋ ብሎ ሰያፎቹን መልሶ ያጠብቃል። አዋቂው ወርዶ ወለሉ ላይ ዘፍ ይላል።)

አዋቂው፦ አሁን የባለ ሕንፃውን አማት ምን ብዬ ላስረዳቸው?

በያጁ፦ ምን አስጨነቀህ? መወጣጫው ላይ አውጣቸውና እኔን ጥራኝ። አንተን ያስረዳ ማንንም ያስረዳል።