የሽማግሌ ያለህ በፖላንድ

ጥቂት የሚናገር ሰው አንድ ችግር አለበት፤ የተናገራት ሁሉ የምሩን ይመስላል። ለፍላፊ ሰው ዕድለኛ ነው። ጠዋት ያለውን ማታ ቢክደው ማንም አይቀየመውም፤ «እሱ እኮ ወሬ ያበዛል» ተብሎ ይታለፋል። እንደ እኔ ያለው ግን አፉን ሲከፍት ቤተሰቡ ሥራውን አቁሞ ያዳምጣል። አንድ ቀን ደጅ ቆሜ፣ ዛሬ ይዘንባል መሰል አልሁ። ባለቤቴ የተሰጣውን በርበሬ በሙሉ አስገባች፤ ጎረቤትም አይቷት አስገባ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲያቃጥል ዋለ። ሰውም ሰማዩን ተቀየመ እንጂ እኔን የተቀየመ አልነበረም። እንዲያው የአፍ ነገር ነው ብል ማን ያምነኛል?

ባለፈው በጋ፣ እህሉ ከአውድማ ከገባና ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ፖላንድ ከምትኖረው ልጄ ከትርንጎ ዘንድ ሄጄ ሦስት ወር ቆይቼ ነበር። ከተመለስሁ ወዲህ በአገሬ በቁንዝላ «ፖላንድ እንዴት ነው?» ብሎ ያልጠየቀኝ የለም። ከጀልባ የሚወርደው ይጠይቀኛል፣ ዓሣ የሚያወራርደው ይጠይቀኛል፣ ቄሱም ይጠይቁኛል። ይበርዳል እላቸዋለሁ። ከእኔ ከዚህ በላይ የሚጠብቅ ስለሌለ አመስግነው ይሄዳሉ። ነገሩ ግን ከብርድ ያለፈ ነው። በአፌ ከማወራው መጻፉ ስለቀለለኝ ይኸው ጻፍሁት።

ትርንጎ ባሕር ዳር ተምራ፣ ለተጨማሪ ትምህርት ሉብሊን ወደምትባል ከተማ ሄዳ፣ እዚያው ሥራ ይዛ ቀረች። የምትኖረው ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው።

አገሩን እውነቱን ልናገርና ወደድሁት። ሕዝቡ ዝምተኛ ነው። እኛ ዘንድ ከቁንዝላ ባሕር ዳር የሚሄድ መኪና ላይ የወጣ ሰው ከመውረዱ በፊት አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው የትውልድ ቀዬ፣ የሚያመውን ቦታና ከወንድሙ ጋር የተጣላበትን ምክንያት አጥርቶ ያውቃል። እዚያ አውቶቡሱ ሞልቶ አንድ ቃል አይሰማም። ሁሉም መስኮት መስኮቱን ያያል። መስኮቱም ጨለማ ነው፤ በዚያ ወራት ፀሐይ ገና ከሰዓት በኋላ ሥራዋን ጥላ ትገባለች። ዕድሜ ልኬን ስፈልገው የኖርሁት ሕዝብ ይኸው ብዬ ተደላድዬ ተቀመጥሁ።

ብዙም ሳልቆይ ግን ለፍላፊው እኔ ሆኜ ተገኘሁ። መንገድ ላይ ሽማግሌ ሳገኝ እንደ ልማዴ ቆሜ እጅ እነሣለሁ። ሰውየው ያየኛል፤ ከኋላው የቆመ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ ዞር ብሎ ያያል፤ ከዚያ ይሄዳል። ትርንጎ፣ አባዬ እዚህ የማያውቁትን ሰው ሰላም አይሉም አለችኝ። ሰላም ካላልሁት ታዲያ መቼ ላውቀው ነው? ሊፍት ውስጥ ሲገቡ ግን ሁሉም ሰላም ይላል። ለምን ሊፍት ውስጥ ብቻ? ምናልባት ቢበጠስ አብረን ነው የምንወድቀው ብለው ይሆናል።

ሥርዓታቸው ብዙ ነው። ቆሻሻ እንኳ በየዓይነቱ ይጣላል፤ ወረቀቱ ለብቻ፣ ጠርሙሱ ለብቻ፣ የድንች ልጣጩ ለብቻ። እኔ ለዘር የማስቀምጠውን እህል እንዲያ አድርጌ ለይቼው አላውቅም። መንገድ ለመሻገር ደግሞ ዓይን እስከሚያይ ድረስ መኪና ባይኖርም መብራቱ እስኪፈቅድ ቆመው ይጠብቃሉ። እኔም በረዶ ባርኔጣዬ ላይ እየተከመረ አብሬያቸው ቆሜያለሁ። ምግባቸው ላይ የሾርባ ነገር አለ። ዱቄት በውኃ ያቦካሉ፤ ኩፍ ብሎ እስኪኮመጥጥ ይጠብቁታል፤ ልክ የእኛ ሊጥ። መጋገሩ ላይ ሲደርሱ ግን ትዕግሥታቸው ያልቅ ይመስለኛል፣ አፍልተው ይጠጡታል። ቀመስሁት። አይከፋም። ሆዴ ግን እስከ ማታ ድረስ ቀሪውን ሥራ ማን ይጨርሰው እያለ ሲጠይቀኝ ዋለ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ትርንጎ ወዳጅ አላት። ቶሜክ ይባላል፤ የገበሬ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ሲያፍር እንደ ቀይ ሥር የሚቀላ፣ እኔን ባየ ቁጥር ደግሞ የሚያፍር። ልጄ ከጣና ዳር ድረስ ያስጠራችኝ በረዶ ልታሳየኝ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። አንድ ቀን ራት እያቀረበች፣ እሑድ የቶሜክ ወላጆች ሊጠይቁዎት ይመጣሉ አለችኝ። እሺ አልሁ። ደስታዋን አይቼ እንዳላየ ሆንሁ።

እኔም እኮ ሽማግሌ ልኬ ያገባሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴ የደቅ ደሴት ልጅ ናት። ሽማግሌዎቼ ሐይቁን በታንኳ ተሻግረው አማቴ ደጅ ቢቆሙ፣ አማቴ «ከዘመድ ልምከርበት፤ ሌላ ቀን ተመለሱ» ብለው ሰደዷቸው። ተመልሰው ሄዱ። አሁንም አጎቷ አልመጣም ተብለው ተሰደዱ። በዚያኛው ጉዞ ማዕበል አግኝቷቸው ጋቢያቸውን እየጨመቁ ነው ቁንዝላ የገቡት። በሦስተኛው ልጅቷ ተሰጠች፤ ማንም አልተቀየመም። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ምን ሊባል ነው? ልጅቷ ምን ብትሆን ነው እንዲህ የቸኮሉት አይባልም? ሽማግሌ መመለስ የልጅ ክብር ነው። የተመለሰውም ያውቀዋል፤ መላሹም ያውቀዋል።

እሑድ መጡ። አባቱ ጠርሙስ፣ እናቱ ራሳቸው የጋገሩትን ኬክ፣ ቶሜክ አበባ ይዘዋል። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚናገር፤ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም። እነዚህ ገቡ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ በር ላይ ለእንግዳ ከተደረደረው የቤት ጫማ እየመረጡ አጠለቁ፣ ተቀመጡ። ልጅ ሊጠይቁ መጥተው በነጠላ ጫማ? ደግሞስ አባት ለገዛ ልጁ ሽማግሌ ሆኖ ይመጣል?

ኬኩ ተቆርሶ ቀረበልኝ። ዐቢይ ጾም ገብቷል፤ ቅቤና እንቁላል እንዳለበት ለማወቅ መጠየቅ አያሻም። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ሳህኑን በቀስታ ገፋሁት። ጠርሙሱ ተከፈተ። ቃል ሳልሰጥ የመጡበትን መጠጥ ልቀምስ ነው? ብርጭቆዬን በመዳፌ ከደንሁ። ከዚያ ቶሜክ ተነሣ፤ ቀላ፤ ተናገረ። ትርንጎ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ፣ እንድንጋባ ይፍቀዱልን ነው የሚልዎት ብላ ተረጎመችልኝ። እኔም እንደ ወጉ ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ ከዘመድ ልምከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ አልሁ።

ትርንጎ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ተረጎመች።

እናትየው የኬኩን ሳህን አነሡ፤ የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው መልሰው አስቀመጡት። አባትየው አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው። ፊታቸው እንደ ደጃፍ ድንጋይ ነው፤ አይገባም አይወጣም። እንዲያ ያለ ፊት ከመስተዋት በቀር አይቼ ስለማላውቅ ሰውየው ደስ አሉኝ። ጫማቸውን አድርገው ሄዱ።

ሥራዬን የሠራሁ መስሎኝ ማታውን ለባለቤቴ ደወልሁ። ስንት ሽማግሌ መጣ አለችኝ። ልጁ፣ አባቱ፣ እናቱና አንድ ኬክ አልኋት። መለስሃቸው ወይ ብላ ጠየቀች። መለስኋቸው። ደግ አደረግህ አለችና ስለ ላሟ ነገረችኝ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። በቀጣዩ እሑድ ነጭ ጋቢዬን ለብሼ በሩን አፍጥጬ እያየሁ ዋልሁ። የመጣ የለም። የሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ። የእኔ ሽማግሌዎች በማዕበል ተሻግረው ይመለሱ ነበር፤ እነዚህ መኪና አላቸው። ትርንጎ ሥራ ሄዳ ትመጣለች፣ ራት ታቀርባለች፣ ትተኛለች። ዝምታ ከእኔ የወረሰችው ቢሆንም ይኸኛው የእኔ ዓይነት አልነበረም። የእኔ ዝምታ ያረፈ ነው፤ የሷ ያበጠ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ማታ ራት ላይ እኔው አፌን ከፈትሁ። እነዚያ ሰዎች ታመሙ እንዴ አልኋት።

የትኞቹ ሰዎች አለች።

የቶሜክ ወላጆች ናቸዋ፤ ተመለሱ ብያቸው አልነበር?

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አባዬ፣ እምቢ ብለዋቸው እኮ ነው የሄዱት። እናቱ ኬኬን እንኳ ተጸየፉብኝ ብለው መኪና ውስጥ አለቀሱ።»

እምቢ የሚል ቃል ከአፌ እንዳልወጣ ነገርኋት። እዚህ አገር ሰው ከፈለገ ያኔውኑ እሺ ብሎ ብርጭቆ ያነሣል፤ ሌላ ቀን ማለት አልፈልግም ማለት ነው አለችኝ። ይሁን፤ እነሱ ወጉን አያውቁም። አንቺስ? የደቅ ሴት የወለደችሽ የቁንዝላ ልጅ አይደለሽም ወይ? ሽማግሌ እንደሚመለስ ጠፍቶሽ ነው?

«ሌላ አባት ቢለው ወግ ነው ብዬ እስቅ ነበር» አለች። «እርስዎ ግን ብለው ያላደረጉት ምን አለ? በሬውን እሸጣለሁ አሉ፣ ሁላችን ብናለቅስ ሸጡት። ሳትመረቂ ቤት አትምጪ አሉኝ፣ ለፋሲካ እንኳ ሳልመጣ ቀረሁ። አሁን ተመለሱ ሲሉ በምን ልለየው? ለቶሜክ፣ አባቴ ካልፈቀደ አላገባም ብዬዋለሁ። ሲደውል ማንሣትም ትቻለሁ።»

የፋሲካውን ነገር እንዲያው ለማበርታት ነበር ያልሁት። እናቷ ያን ጊዜ ዶሮውን ሠርታ በር በር ስታይ ነው የዋለችው፤ እኔም ለምን ቀረች እያልሁ ሳዝን ነበር። ይኸንን ልነግራት ፈለግሁና እንዴት እንደሚጀመር ጠፋኝ።

እንግዲያው ደውለው እሺ ይበሏቸው አለችኝ። እንዴት ይሆናል? የልጅቷ አባት፣ ኑና ውሰዱልኝ ብሎ ይደውላል? ሽማግሌ መግባት አለበት። ሽማግሌ ደግሞ ከየት ይመጣል? ከእነሱ ወገን ወጉን የሚያውቅ የለም። ከእኛ ወገን ሉብሊን ውስጥ ያለውን ሽማግሌ በሙሉ በሐሳቤ ሰብስቤ አየሁት፤ እኔ ብቻ ነኝ። እንግዲህ ራሴን መርጬ፣ ራሴን ለምኜ፣ እሺ አሰኘሁት። ለቶሜክ ንገሪው፤ ቅዳሜ አባቱ ቤት እንሄዳለን አልኋት። ትርንጎ ስልኳን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። ብዙ ስታስረዳው ቆየች፤ ከዚያ ሁሉ ቋንቋ መካከል «ደቅ» የምትለዋን ብቻ ለየሁ።

ቅዳሜ ቶሜክ በመኪናው ወሰደን። መንደራቸው ሜዳ ነው፤ በረዶው ቀልጦ ጥቁሩ አፈር መታየት ጀምሯል። ልጆቹ ወደ ቤት ሲገቡ አባትየው በእጃቸው ና የሚል ምልክት ሰጥተውኝ ወደ በረት ሄድን። አስተርጓሚ የለም። አንዲት ላም አሳይተው በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉ። እኔም በአማርኛ፣ መልካም ላም ናት፣ መቼ ነው የምትወልደው አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። አጥሩ ላይ ተደግፈን ላሟ ስታመሰኳ አየን። በሦስት ወር ውስጥ እንደዚያ የጠገብሁት ጨዋታ አልነበረም።

ቤት ገብቼ ጫማዬን አወለቅሁ፤ አገሩ ነውና የቤት ጫማውን አጠለቅሁ። እናትየው ከልጄ ስለ ጾሙ ሰምተው ኖሯል፤ ድንች በዘይት፣ ጥቅል ጎመን፣ የቀይ ሥር ሾርባና ዳቦ ቀርቧል፤ ቅቤ የሚባል ነገር በአካባቢው አይታይም። ተቀመጡ ተባልሁ። ጉዳይ አለኝ፣ አልቀመጥም አልሁ። ሁሉም ተቀምጠው እኔ ብቻ ጋቢዬን አጣፍቼ፣ በሰው ነጠላ ጫማ ቀጥ ብዬ ቆምሁ። ትርንጎም ልትተረጉምልኝ አጠገቤ ቆመች። ልጅዎን ለልጄ ፈልጌ መጥቻለሁ አልሁ። ከቁንዝላ እስከ ደቅ የሴት ልጅ አባት ሆኖ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ የወጣ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ጎረቤት አለመኖሩ በጀኝ።

ሰውየው መስኮቱን አዩ። ሚስታቸውን አዩ። ቶሜክ ከአንገቱ ጀምሮ ሲቀላ ይታያል። አባትየው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ፤ አንዲት አጭር ነገር ተናገሩ።

እናትየው በያዙት ፎጣ የባላቸውን ትከሻ መቱ። የትርንጎ ፊት ግን ደም አልቀረውም። ምን አሉ አልኋት። ንገሪኝ እንጂ፣ የመጣሁት ልሰማ ነው አልኋት።

«ከዘመድ ልምከርበት፤ ሌላ ቀን ይመለሱ ነው የሚሉት» አለች።

ሰውየውን አየኋቸው። ፊታቸው ያው ድንጋይ ነው፤ የአፋቸው ዳር እንኳ አልተነቃነቀም። ብቻ እጃቸው በቀስታ ሄዶ ጠርሙሱን ከፈተ። ወንበር ሳብሁና ተቀመጥሁ፤ ሳህኔን አስጠግቼ ከድንቹ አወጣሁ።

ትርንጎ ክንዴን ያዘችኝ። አባዬ፣ እምቢ እያሉዎት እንዴት ይበላሉ አለችኝ።

«እምቢ ያለ ማን ነው? ልጃቸውን ሰጡን እኮ» አልኋት። «ይልቅ አንቺም ተቀመጪ፣ ጎመኑን ወዲህ አቀብዪኝ።»