ሐጂ ፈረጅ ያላዩት መርከብ

መርከብ የሚቆምበት አገር ሁሉ ውኃ፣ ከሰልና አንድ ውሸታም አያጣም። ውኃው ሊጎድል፣ ከሰሉም ሊያልቅ ይችላል፤ ውሸታሙ ግን አልቆ አያውቅም። በዚህ በኩል አላህ የኤደን ወደብን ሰዎች አልበደለንም። ለእኛ የደረሱን የተከበሩት፣ የታፈሩት፣ የባሕር ማዶ መርከቦች ሁሉ የታሪክ አባት፣ ሐጂ ፈረጅ ባዋዚር ናቸው።

ሐጂ ፈረጅ በሙሰዒድ ሻይ ቤት ደጃፍ፣ ባሕሩን ፊት ለፊት በሚያሳየው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ይቀመጣሉ ማለት እንኳ ያንሳቸዋል፤ ይሰየማሉ። ወተት የበዛበት ሻያቸው ሳይቀዘቅዝ አንዲት መርከብ ብቅ ካለች አለቀላት፤ ዘሯ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል።

«ይቺ የኖርዌይ ናት። ቀለም ስትቀባ ዐይኔ እያየ ነው» ይላሉ።

የኖርዌይ መርከብ ቀለም የምትቀባው እዚያው ኖርዌይ ነው። ሐጂ ደግሞ ከኤደን ርቀው የሄዱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ለሐጅ።

አንድ ቀን የመርከብ ወኪል ቤት ጸሐፊ ጋዜጣ ይዞ መጣና፣ «ሐጂ፣ መርከቧ የግሪክ ናት፤ ይኸው ተጽፏል» አላቸው።

«ጋዜጣው መቼ ወደብ ላይ ተቀምጦ ያውቃል?» አሉት። ልጁ ጋዜጣውን አጣጥፎ ሄደ። እስኪ ማን መልስ አለው?

የጣሊያኗን የፓስታ መርከብ ታሪክ ሳይሰማ የሞተ የወደብ ሰው ቢኖር በሕፃንነቱ የሞተ ነው። «ሆዷን ፓስታ ሞልታ ስትመጣ ውኃ ገባባት» ይላሉ ሐጂ። «ፓስታው ማበጥ ጀመረ። አበጠ፣ አበጠ፣ ካፒቴኑ ያለቅሳል፣ ፓስታው ያብጣል። በመጨረሻ ዐይኔ እያየ መሐል ለመሐል ተሰነጠቀች!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዓሣው ሁሉ ጠግቦ፣ ለስንት ጊዜ መረብ ውስጥ የሚገባ ጠፋ።»

«ስጎውስ ሐጂ?» ይላል የጀልባ ነጋዴዎች አለቃችን ሙቅቢል፣ ዐይኑን ለእኛ እየጠቀሰ።

«ስጎውን የጫነችው ሌላ ናት። እሷ በሰላም ገብታለች።»

የደች መርከቦች ቡና ፍለጋ ወደ ሞካ ሲያልፉ ካፒቴኖቹ ሐጂን በእጃቸው ሰላም ብለዋቸዋል። ይህ የሆነው ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ነው። «እንዴት ደረሱበት?» ብሎ የሚጠይቅ ደፋር ቢገኝ፣ «ያኔ ልጅ ነበርኩ» ይላሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ነቢዩ ኑሕ መርከቡን ሲሠራ ምስማር ያቀበሉትም እሳቸው ናቸው፤ ያልነገሩን ከትሕትና የተነሳ ነው።

የጀመሩትን ታሪክ ሳይጨርሱ መሄድ የለም። እጅጌህን ይይዛሉ። በእሳቸው ምክንያት ሩዝ ያረረበት አለ፤ ቀብር የቀረበት አለ፤ እኔ ራሴ ለኒካሕ ዘግይቼ አማቴ እስከ ዛሬ በጎሪጥ ያዩኛል። «አቤቱ ጌታዬ፣ አንዲት ቀን ዝም የሚሉባትን አሳየኝ» ብዬ ጸልዬ ነበር። ጸሎት ደግሞ ይሰማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርከቦቹ የሚቆሙት መሐል ባሕር ላይ ነው። እኛ ቅርጫቱን፣ የሰጎኑን ላባ፣ ሲጋራውን በጀልባ ጭነን እንቀዝፍና መንገደኞቹ በሚያወርዱልን ገመድ ዕቃችንን እንሸጣለን። ቀድሞ የደረሰ ይሸጣል፤ የዘገየ ቅርጫቱን ይዞ ይመለሳል። የምንነሳው ከሻይ ቤቱ በታች ካለው የድንጋይ ደረጃ ነበር። የእንግሊዙ የወደብ ሹም ይህን ደረጃ ሊዘጋው አሰበ። ከተዘጋ በከሰል መጋዘኑ ዞረን እንነሳለን፤ እስክንደርስ የትልልቆቹ ሱቆች የሞተር ጀልባዎች ገበያውን ይጨርሱታል።

ሹሙ ግን ፍትሐዊ ሰው ነኝ አለ። እንግሊዝ ወደቡን ከመያዙ በፊት የውጭ መርከብ ሰዎች በደረጃው ይወርዱ እንደነበር የሚመሰክር ሽማግሌ ካመጣን፣ ደረጃው የጥንት ነው ተብሎ ይተውልናል።

ሙቅቢል ሲሰማ ሳቀ። «የጥንት ወሬ? እኛን ነው ወሬ የሚጠይቀን?»

ሁላችንም ወደ አግዳሚው ዞርን።

«ሐጂ፣ ‹አባቴ ነግሮኛል› ይበሉ። ከዚህ ሌላ ምንም አይጨምሩ» ብሎ ሙቅቢል እጃቸውን ሳመ። የፈራነው እንዳያበዙብን ነበር። የፓስታዋን መርከብ አምጥተው ደረጃው ላይ እንዳይሰነጥቋት ነበር ጭንቃችን።

በቀጠሮው ቀን ሐጂ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ አዲስ ሽርጣቸውን ታጥቀው ቀረቡ። ሹሙ ከጠረጴዛው ኋላ፣ አስተርጓሚው ከጎኑ፣ እኛ ከግድግዳው ሥር። ከዚያ ቁርአን መጣ። ሐጂ እጃቸውን ጭነው ማሉ። እጃቸውን ሲያነሱ ፊታቸው ተለውጦ ነበር።

«የትውልድ አገርዎ?» አለ አስተርጓሚው።

«ሺባም። ሐድረሞት።»

«ለባሕር ቅርብ ነው?»

«በግመል ነው የሚመጣው።»

«አባትዎ በዚህ ደረጃ ላይ የውጭ መርከብ ሰዎች ሲወርዱ አይተዋል?»

ሙቅቢል እህ እህ ብሎ ሳለ። ሐጂ ወደ እሱ አልዞሩም።

«አባቴ ባሕር አይቶ አያውቅም። የጭቃ ቤት ሠሪ ነበር።»

«እርስዎስ ስለዚህ ደረጃ የሚያውቁት ነገር አለ?»

እዚህ ላይ ቢያንስ «አላውቅም» ቢሉ ምን ነበረበት? «አውቃለሁ» አሉ። «የተሠራው እኔ ከሺባም ከመጣሁ በኋላ ነው። ድንጋዩን የተሸከምኩት እኔ ነኝ።»

ሹሙ አመሰገናቸው። አመስጋኝ ሰው ነው።

ደጅ ስንወጣ ሙቅቢል ጥምጥሙን መሬት ላይ ወረወረ። «አንቱ ሰውዬ! ዕድሜዎን ሙሉ ሳይጠየቁ ሲዋሹ ኖረው፣ አንዲት ቀን ብንለምንዎ!»

«ያ ጨዋታ ነው፤ ይህ መሐላ ነው።»

«ፓስታውስ?»

«ስለ ፓስታው ማን አስማለኝ?» አሉና ብቻቸውን ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ደረጃው ተዘጋ። በከሰል መጋዘኑ ስንዞር ላባችን ጠቆረ፤ ጥቁር የሰጎን ላባ ነው እያልን ለመሸጥ ሞከርን። ከቅርጫታችን ግማሹ ይመለሳል። ለሐጂ ሰላምታ የሚሰጥ ጠፋ፤ እሳቸውም መምጣት ተዉ። አግዳሚው ላይ ድመት ተኛበት።

መጀመሪያ፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ሻዬን በትኩሱ ጠጣሁ፤ ምሳዬን በሰዓቱ በላሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ጭስ ማውጫዋ ሰማያዊ የሆነች መርከብ ገባች። ሁላችንም አየናት።

«መርከብ ናት» አለ ሙሰዒድ።

«አዎ» አለ ሙቅቢል።

ወሬው በዚሁ አለቀ። ብረት ናት፤ ውኃ ላይ ቆማለች፤ ሌላ ምን ይባላል? ከየት መጣች፣ በማን እርግማን ተሠራች፣ ካፒቴኗ ስንት ሚስት ፈታ፣ የሚያውቅ የለም። ሻዬን አስቀምጬ ተነሳሁ።

ሐጂ ደጃቸው ላይ በጨርቅ ፊታቸውን ከፀሐይ ጋርደው ተቀምጠዋል።

«ሐጂ፣ አንድ መርከብ ገብታለች» አልኳቸው።

ጨርቁን ይበልጥ ወደ ፊታቸው ሳቡት።

«ሰማያዊ ጭስ ማውጫ አላት። አዲስ ናት እያሉ ነው።»

ጨርቁ ትንሽ ተነሳ። «አዲስ?»

«ገና ከፋብሪካ የወጣች ናት ይላሉ።»

«ማን ነው ያለው?»

«ሁሉም።»

ጫማቸውን በእግራቸው ዳበሱ። ከዚያ ቆም አሉ። «እዚያ የሚያስምል ሰው አለ?»

«የለም ሐጂ። ሻይ ብቻ ነው።»

ክንዴን ይዘው መጡ። ድመቷን አስነሳሁላቸው። ሙቅቢል ሲያያቸው ጀርባውን ሰጠ። ሙሰዒድ ሻዩን አምጥቶ አስቀመጠ። ሐጂ ፈረጅ መርከቧን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ለልጃቸው ልትዳር እንደመጣች ሙሽራ መረመሯት።

«ይቺን ነው አዲስ ያላችሁት?» አሉ። «እናቷን አውቃት የለም እንዴ!»

«መርከብ እናት አላት?» አለ ሙቅቢል፣ ጀርባውን እንደሰጠ።

«ይቺማ አላት። ክፉ ነበረች፤ ነፍሷን ይማር።»

ሙቅቢል ትንሽ ታገለ። ከዚያ በርጩማውን አነሳና ዞሮ ተቀመጠ።

«ክፉ ሲሉ» አለ፣ «ምን አድርጋ?»