ዓሦቹ ጾም ላይ ናቸው

ሰው ቤት ሄዳችሁ በመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚዋኝ ዓሣ ካያችሁ፣ እባካችሁ እጃችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። ኪስ ከሌላችሁ ተቀመጡበት። እዩ፣ አድንቁ፣ የእግዜር ሥራ ይገርማል በሉና ሂዱ። ለምን እንደምለምናችሁ ልንገራችሁ።

እኔ እንስሳ አሳድጌ አላውቅም። ሰው አሳድጌ ያየሁት ይበቃኛል። ያሳደግኋት ልጅ ሰብለ ትባላለች። ነርስ ናት። ዋይሊ በሚባል የፈረንጅ ከተማ ውስጥ፣ ትናንት ላም ትግጥበት በነበረ ሜዳ ላይ፣ አዲስ ቤት ገዝታለች። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። በዚያ ሰፈር በእግሩ የሚሄድ ሰው ካያችሁ ወይ መኪናው ተበላሽቷል ወይ ውሻው እየጎተተው ነው። ሰብለ ታዲያ ፎቅ ላይ የራሱ መታጠቢያ ያለው ክፍል አዘጋጅታልኝ፣ "እማዬ፣ ዩለስ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? ነይና ከእኔ ጋር ኑሪ" ማለት ከጀመረች ቆየች።

እኔ ደግሞ ከዩለስ አፓርታማዬ አልነቃነቅም። ዩለስ ምን አለ? ብትሉኝ ምንም የለም። አውሮፕላኑ ጣሪያዬን ሊነካው ምንም አይቀረው። ደረጃው ጉልበቴን ጨርሶታል። ጎረቤቶቼ አይረቡም። ግን የራሴ በር አለኝ። የምከፍተው እኔ፣ የምዘጋው እኔ። ስለ ነፃነት የተጻፈ ብዙ ነገር አንብቤአለሁ፤ ሲጨመቅ የሚወጣው የበር ቁልፍ ነው። ሌላው ንግግር ነው።

ከቅበላ በፊት ባለው ሰሞን ሰብለ የዓሣ ገንዳ ተሸክማ መጣች። ጠጠር አለው፣ መብራት አለው፣ እንደ ሣር የረዘመና እንደ ጎመን የሰፋ ተክል ተተክሎበታል። ዓሦቹ ጣት የማያህሉ፣ ገሚሶቹ ብርቱካንማ፣ ገሚሶቹ ባለ ሰማያዊ መስመር ናቸው። ቆንጆዎች ናቸው፣ አልዋሽም።

"ብቸኝነት ለልብ ጥሩ አይደለም እማዬ። ሶ፣ ዓሣ ማየት ስትሬስ ይቀንሳል" አለችኝ። ስትሬሱን ማን እንደሚያመጣው አልነገርኳትም።

ከዓሣው ጋር ውልም መጣ። "ማለቴ፣ ይኼን ቴክኬር ማድረግ ከቻልሽ ብቻሽን መኖር ትችያለሽ ማለት ነው። ለዳግማይ ትንሣኤ መጥቼ አያለሁ። ውሃው ክሊን ከሆነ ስለ ዋይሊ ሁለተኛ አላነሳብሽም። ካልሆነ ግን ዕቃሽን ፓክ እናደርጋለን። ኦኬ?"

ኦኬ አልኳት። እናት ልጇን የምትፈትንበት ዘመን አልፎ፣ ልጅ እናቷን በዓሣ የምትፈትንበት ዘመን ላይ ደርሰናል። "በቀን አንዴ፣ አንድ ቁንጥር ብቻ" ብላ አስጠንቅቃ የምግባቸውን ቆርቆሮ ሰጥታኝ፣ ከሆስፒታል የሚጠራት ቢፐሯ ሲጮህባት ሮጣ ሄደች።

መጀመሪያ መስታወቱ ላይ አረንጓዴ አቧራ የሚመስል ነገር ታየኝ። ጠረግሁት። ቀጥሎ ቅጠሎቹ ፀጉር አበቀሉ። ቀጥሎ ውሃው ራሱ የጎመን ቅቅል መሰለ። አልጌ ይሉታል። በእኛ ቋንቋ ዋቅላሚ የሚባል ወግ ያለው ስም አለው፤ እኔ ግን የምጠራበትን ስም እዚህ አልጽፈውም።

እኔ ችግር ሲገጥመኝ ቤተ መጻሕፍት ነው የምሄደው። መጽሐፍ ተውሼ አነበብኩ። ነገሩ ቀላል ነው፦ ምግብ ሲበዛ፣ መብራት ሲበዛ ይመጣል። ዓሣው በልቶ የተረፈው በስብሶ የአልጌ ቀለብ ይሆናል። እኔ በቀን አንድ ቁንጥር ነው የምሰጥ። ታዲያ ማነው የሚያበዛው?

የሚያበዛው ሕዝቡ ነው። "እትዬ የሺ ቤት ዓሣ ገባ" የሚል ወሬ ግቢውን አዳርሷል። ከሁሉ ቀድማ የመጣችው ከታች ያለችው አስካለ ናት። ዕድሜዋ ከእኔ እኩል ነው፣ ጸሎቷ ከእኔ ይበልጣል፣ ምላሷ ደግሞ ከሁለታችንም። ቆሎ አቀረብኩላት። አንድ እፍኝ አንስታ ወደ ገንዳው ብታይ፣ ዓሦቹ መስታወቱ ላይ ተደርድረው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

"ዓይናቸው እያየ ልብላ?" አለች። ተነሥታ ከምግባቸው ቆርቆሮ አንድ ቁንጥር ነሰነሰችላቸው። ከዚያ ሌላ ቁንጥር።

"ምነው ደገምሽ?" ብላት፣

"አንድ ያጣላል" አለችኝ።

ተመልከቱ እንግዲህ! የጉርሻ ሥርዓት ለዓሣ። አንዱን አጉርሶ የሚያቆም አበሻ አይታችኋል? ማታ ማታ በላቸው ይመጣል። በላቸው ኤርፖርት ሻንጣ ጫኝ ነው፤ የቪዲዮ ካሴት ያመጣልኛል፤ ቴፑን የሚያየው ግን ራሱ ነው። እሱም ሁለት ያጎርሳል። አስካለ የማኅበር ጓደኞቿን ይዛ ትመጣለች። እነሱም ሁለት ሁለት። መብራቱን አጠፋለሁ፤ "ምነው በጨለማ አስቀመጥሻቸው?" ብለው ያበሩታል። መጋረጃ እዘጋለሁ፤ ይከፍቱታል።

መጽሐፉን አውጥቼ አነበብኩላቸው። ምግብ ሲበዛ ውሃው ይበላሻል ይላል አልኩ። አስካለ ሰምታ ሰምታ፣ "ይኼ መጽሐፍሽ ልጅ አሳድጎ ያውቃል?" አለችኝ።

ስለ ውሉ ለምን አልነገርኳቸውም? ልጄ ልታስነሳኝ ነው ብዬ? ለእነሱ? አሁን አልኳችሁ እኮ፣ ጎረቤቶቼ አይረቡም። ለማይረባ ሰው ገመና አይነገርም።

ሁዳዴ ገባ። አንድ ቀን አስካለ እንደ ልማዷ እጇን ወደ ቆርቆሮው ስትሰድ፣ ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ።

"ተዪ! ጾም ላይ ናቸው።"

እጇ አየር ላይ ቀረ። "ዓሦቹ?"

"ዓሦቹ። ክርስቲያን ቤት ተቀምጠው ምን ይሁኑ?"

የምትስቅብኝ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም። ቆርቆሮውን አንስታ፣ ቪዲዮ የሚያየውን በላቸውን "እስቲ ምን እንዳለበት አንብብልኝ" አለችው። በላቸው አነበበ። መጀመሪያ የተጻፈው ምን ይመስላችኋል? የዓሣ ዱቄት! አስካለ አማተበች።

"በሁዳዴ ዓሣ? ያውም የገዛ ወንድማቸውን?"

"እትዬ አስካለ፣ ዓሣ እኮ በጾም ይበላል የሚሉ አሉ" አለ በላቸው።

አይ ያ ልጅ! የዓሣ ነገር በእኛ ዘንድ ከድሮም ክርክር ነው። ያን ዕለት ሲሟገቱ አመሹ። ዓሦቹ ግን ነፃ ወጡ። አስካለ ከዚያን ቀን ጀምራ የገንዳው ዘብ ሆነች። በላቸው ጣቱን ሲያነሳ እጁን ቸብ ታደርገዋለች፤ "አንተ ሆድህን መግዛት ባትችል እነሱን አታሰናክል!" አንድ ቀን ብቻ "ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል እኮ፣ አይፈቱም?" ብላ ጠየቀችኝ። "የገዳም ጾም ነው የያዙት" አልኳት። ከንፈሯን መጠጠች። ገንዳው አጠገብ ድምጿን ቀንሳ ማውራት የጀመረችውም ከዚያ ወዲህ ነው።

እኔ ጠዋት በሬን ቆልፌ ያቺን አንድ ቁንጥር እሰጣለሁ። ውሃውን በባልዲ በባልዲ እቀይራለሁ፣ ቅጠሉን በጥርስ ብሩሽ እፈቀፍቃለሁ። ለሆሳዕና ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ፣ ገንዳውን ጋዜጣ ፊት ብታስቀምጡት በወዲያ በኩል ታነቡበታላችሁ። ለሰብለ ደውዬ መልእክት መቀበያዋ ላይ፣ "ነይና እዪ" አልኩ። ትንሽ ኮራሁ። ኩራት ደግሞ የታወቀ ነው፣ ቀጥሎ የሚመጣውን አያሳይም።

የረሳሁት ነገር አለ። ጾም ካለ ፋሲካ አለ።

የፋሲካ ዕለት ቤቴ ሞላ። እኔ ማዕድ ቤት ውስጥ ሰሐን ስደረድር፣ ሳሎን "እንኳን አደረሳችሁ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ለእኔ መስሎኝ "እንኳን አብሮ አደረሰን" እያልኩ ብወጣ፣ ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ገንዳውን ከበው ዓሦቹን ያስፈስካሉ። ቆርቆሮው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አስካለ ደግሞ ከዶሮ ወጧ ያወጣችውን ዕንቁላል ይዛ አስኳሉን በጣቷ እየፈረፈረች፣ "ያን ሁሉ ቀን ጾመው በደረቅ ነገር ይፈቱ እንዴ?" ትላለች።

በምን አፌ ልከልክላቸው? ጾሙን የጀመርኩት እኔ ነኝ።

ውሃው በማግስቱ ወተት መሰለ። ሳምንቱ ሲጋመስ አረንጓዴው ወንድም ዘመዱን ጠርቶ ተመለሰ። ዓርብ ዕለት አስካለ መጥታ አየችውና፣ "ምነው ፊትሽ ጠቆረ? ዓሣ እንጂ ሰው አልታመመብሽ" አለች። ያን ጊዜ ነገርኳት። ይኼ ውሃ እሑድ ካልጠራ ዋይሊ እወሰዳለሁ አልኳት።

አስካለ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

እሑድ ሰብለ መጣች። ያልተገጣጠሙ የዕቃ ማሸጊያ ካርቶኖች በብብቷ ይዛለች። በሩ ላይ ግን የጫማው ብዛት አላስገባ አላት። ሳሎን ውስጥ አስካለ እጅጌዋን ጠቅልላ እስከ ክርኗ ገንዳው ውስጥ ገብታለች፤ በጥርስ ብሩሽ ትፈገፍጋለች። በላቸው የላስቲክ ቱቦ በአፉ እየሳበ ውሃውን ወደ ባልዲ ያወርዳል። የማኅበሩ ሴቶች "ወዲህ ነው፣ ወዲያ ነው" ይላሉ። ጠጠሩ ተነሥቶ ውሃው ጭቃ ሆኗል። ዓሦቹ የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም።

"እማዬ፣ ዋት ሃፕንድ?" አለች ሰብለ።

አስካለ እጇን ሳታወጣ፣ "ልጄ፣ እናትሽ ጥፋት የለባትም። ያስፈሰክኋቸው እኔ ነኝ" አለቻት።

ሰብለ ምኑም አልገባት። የምትቀመጥበት ፈለገች፤ ባዶ ወንበር የለም። ካርቶኖቿን መሬት ላይ አደረገችና ተቀመጠችባቸው።

"እነዚህ ሁሉ ሰዎች ሁልጊዜ ይመጣሉ?"

"ከልካይ አላቸው?" አልኩ በምሬት።

"እኔ ዛሬ ሺፍት ስዊች አድርጌ ነው የመጣሁ" አለ በላቸው፤ ቱቦው ከአፉ ወጥቶ ምንጣፌን አራሰው።

ሰብለ ሳቀች። እያየችን ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗን ጠረገች። "ብቸኝነት እንዳይጎዳሽ ብዬ ነበር ያመጣሁልሽ" አለችኝ። "ለዓሦቹ ግን ይኼ ቤት ቱ መች ነው።"

እንዲህ ሆነና በእኔ ፈንታ ዋይሊ ዓሦቹ ሄዱ። ያ የራሱ መታጠቢያ ያለው ክፍል ለእነሱ ደረሳቸው። ጎረቤቶቼ ዓሣ የለም ብለው መምጣታቸውን አልተዉም። አሁንም አይረቡም።

በቀደም ሰብለ ጋ ሄጄ አየኋቸው። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ቅጠሉ ላይ ነቁጥ የለም። ቤቱ ጭር ብሏል። መስታወቱ ላይ ተደርድረው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። እንዴት አይጠራ ውሃው? ማን ይመጣባቸዋል?

ሰብለ ስልክ ልታነሳ ወጣ አለች። ቆርቆሮው እዚያው ነበር። አንድ ቁንጥር ጣል አደረግሁላቸው።

ከዚያ ደገምኩ። አንድ ያጣላል።