ሰባት ቤት ቆጥረን የተውነው

በሞተ ሰው ሠርግ ቀንታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቀንቻለሁ።

ሰቆጣ ዙሪያ የውኃ ጉድጓድ ከሚያስቆፍሩት መካከል አንዲት የኖርዌይ ሴት አለች። ሾፌሯ ነኝ። አማርኛዋ ለመግባባት ይበቃል። አንድ ቀን መንገድ ላይ ስልኳን አሳየችኝ። ያረጀ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ፎቶ ነው፤ ጽሑፉ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። የቅድመ አያቷ እናት ያገባችበት ነው አለችኝ። ሙሽራው፣ ሙሽሪት፣ የሁለቱም አባቶች፣ የመጡበት እርሻ፣ ዋሶቹ ሳይቀሩ ሰፍረዋል።

እስክታገኘው መከራዋን አይታለች። ያን ጊዜ እነሱም እንደኛ በአባት ስም ነበር የሚጠሩት። በአንድ ሰበካ የሃንስ ልጅ ኦላ የሚባለው መዓት ነው። የብርዱን ወራት ሙሉ የሰው ቅድመ አያት ስታሳድድ ከረመች። ለምዳው ስለነበር የሷ አለመሆኑን ስታውቅ ከፋት።

እኔ ደግሞ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ አለችኝ። እናቷ ዝናሽ አምና ሞተችብኝ። የዝናሽ ወላጆችም በሕይወት የሉም። ልጄ አድጋ የእናቴ ወገን እነማን ናቸው ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? ከዝናሽ አባት ስም በላይ አላውቅም።

ኋላ ትዝ አለኝ። እኛም ተቆጥረናል። በአገራችን ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ የሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የኛን የቆጠሩት ደሃና ወረዳ የሚኖሩት ሽማግሌ፣ አያ ካሣው ናቸው። ደስ አለኝ። እኔም መዝገብ አለኝ ማለት ነው፤ ያውም የሚናገር።

እሁድ ሄድኩ። አያ ካሣው የኔን ወገን እንደ ውኃ አወረዱት።

«የዝናሽስ?» አልኳቸው።

«የሷንማ ቆጠርን። ካንተ ጋር የሚገጥም ስም አጣን፤ ተውነው።»

«ተውነው ሲሉ?»

«ረሳነው ማለት ነዋ። ቢገጥም ኖሮ እስከ ዛሬ አይጠፋኝም ነበር።»

ምነው ትንሽ በተዛመድን ብዬ ተመኘሁ። በአምስተኛው ቤት እንኳ። ግን ያን ጊዜ ማን ያጋባን ነበር?

ፊቴን አይተው ነው መሰል፣ እስከ በሩ ሸኙኝ።

«አንት ልጅ፣ ወደ ላይ ምን ያንጠራራሃል?» አሉኝ። «ነገ ልጅህ ስትዳር፣ በእናት በኩል ቆጠራው የሚጀምረው ከዝናሽ ነው። እሷን አትርሳ እንጂ።»

መኪናዬን አስነሳሁ። ዝናሽ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። እትዬ ሲሏት እንኳ የምትቆጣ ሴት፣ ከቅድመ አያቶች ጋር ልትቆጠር ነው። ብትሰማ አትለቀኝም ነበር።