ያስታረቅኩት ኮድ

ሰው በትልቅ ነገር ሲጣላ እምብዛም አላየሁም ብል ትስቁብኝ ይሆናል። ድንበር ላይ የሚኖር ሰው ሲለው ደግሞ የባሰ ያስቃል። ግን እስቲ ልብ ብላችሁ እዩ፤ ትልቁ ነገር ሲመጣ ሰው አንድም ይሸሻል፣ አንድም ይተባበራል። ለጠብ የሚመቸው ትንሹ ነገር ነው። እኛ ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ወተት ከሻዩ ጋር አብሮ ይፍላ ወይስ ኋላ ይጨመር በሚል የተኳረፉ ባልና ሚስት አውቃለሁ። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ በልጆቹ አስተዳደግ ተጣልተው አያውቁም። የጭነት ገመድ ከግራ ይጠበቅ ከቀኝ በሚል ለሁለት ዓመት ያልተነጋገሩ ጫኞችም አሉ። ጭነቱ በሁለቱም አስተሳሰር ናይሮቢ ይደርሳል።

ይህን ሁሉ የማወራው ራሴን ለማጽናናት ነው። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በሥራም። ተሰድጄ እዚህ ከገባሁ ወዲህ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ከፍቼ እኖራለሁ፤ ነገር ግን ካባዛሁት ወረቀት ይልቅ ያወረድኩት እርቅ ይበልጣል። የአጥር ነገር፣ የጋብቻ ኩርፊያ፣ የተሰበረ ባልዲ ሳይቀር ወደኔ ይመጣል። ካስታረቅኳቸው መካከል ተመልሰው የተጣሉ የሉም አልልም። በእርቄ ምክንያት ሰው ሊሞት የደረሰው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በሱቄ የኋላ ክፍል ሁለት ወጣቶች ይሠሩ ነበር። ሀለኬ የዚሁ የሞያሌ ልጅ ነው፤ ናይሮቢ ኮምፒውተር ተምሮ የተመለሰ፣ አማርኛውን ከገበያ የለቀመ ቦረና። ሰናይት የስደት ጓደኛዬ ልጅ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች። ሁለቱም ፕሮግራም ይጽፋሉ። ማንም ሳያዛቸው አንድ ደግ ሥራ ጀመሩ፦ ደም ለመስጠት ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎችን ስልክ መዝግበው፣ ሆስፒታሉ ሲቸግረው ለሁሉም በአንድ ጊዜ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም። ስድሳ ያህል ሰው ተመዘገበ። ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ሁለቱንም ጊዜ በደንብ ሠራ።

ታዲያ እነዚህ ልጆች በዓላማ አንድ፣ በባዶ ቦታ ሁለት ነበሩ። ባዶ ቦታ ስል ምንም ያልተጻፈበትን ማለቴ ነው። ኮድ ሲጻፍ አንዳንዱ መስመር ከዳር ገባ ብሎ መጀመር አለበት። ሀለኬ ለዚህ ታብ የሚባለውን ቁልፍ አንዴ ይጫናል። ሰናይት ረጅሙን የስፔስ ቁልፍ አራት ጊዜ ትጫናለች። ስክሪኑ ላይ ያው ነው። መነጽሬን አድርጌም አውልቄም አይቻለሁ፤ ያው ነው። ለእነሱ ግን ሃይማኖት ነበር። «ይህ ሰው ሥርዓት የሚባል አልተማረም» ትላለች እሷ። «ጣቷ አይደክማትም?» ይላል እሱ። ጠዋት ቀድሞ የገባ ፋይሉን ከላይ እስከ ታች በራሱ ወግ ይለውጠዋል፤ ከሰዓት ሌላው መልሶ ይገለብጠዋል። ዓይንና ናጫ ሆኑ።

አንድ ቀን ጭቅጭቃቸው ደንበኛ ሲያባርርብኝ ጠርቼ አስቀመጥኳቸው።

«ልጆቼ፣» አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አንዱ የሌላውን መስመር አይነካም። ሀለኬ የጻፈው በሀለኬ ወግ ይቆይ፣ ሰናይት የጻፈችው በሰናይት። ፋይሉ ለሁለታችሁም ይበቃል።»

«ጋሼ፣ ማሽኑ እኮ...» ብላ ጀመረች ሰናይት። እጄን አነሳሁ። ሽማግሌ እጁን ካነሳ ነገር አበቃ። ሀለኬ «ሳዋ» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። ተጨባበጡ። እኔም የዚያን ቀን ምሳዬን በደስታ በላሁ።

በዚያው ሳምንት ሰናይት መልካም ሐሳብ አመጣች። መልእክቱ ለሁሉም በስዋሂሊ ከሚሄድ፣ ለየሰዉ በሚቀናው ቋንቋ ይሂድለት አለች። በሀለኬ ፋይል ውስጥ የመላኪያውን መስመር አውጥታ የራሷን አስገባች፤ በስፔስ፣ በእርቁ መሠረት። የራሷን ስልክ ብቻ አስገብታ ስትሞክረው በአማርኛ ደረሳት። ሀለኬም አየው። ጣቱን እያሳከከው ሳይነካው አለፈ፤ ያም በእርቁ መሠረት።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከሆስፒታሉ ሲስተር ራህማ ደወለች። የወለደች እናት ደሟ አልቆም ብሏል። ሰናይት መልእክቱን ላከች። ሩብ ሰዓት አለፈ። ሲስተር ራህማ እንደገና ደወለች፤ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

«ማንም አልመጣም። ልካችኋል?»

«ልከናል» አለች ሰናይት። ሀለኬ ወንበሩን ሳበና የተላኩትን መልእክቶች ዝርዝር ከፈተ። ከስድሳ ሰው የተላከለት አንድ ነበር።

ምክንያቱን ሀለኬ አገኘው፤ እኔም ቆይቶ ገባኝ። ሰናይት ስክሪኗ ላይ አንዱን ታብ እንደ አራት ስፔስ እንዲያሳያት አድርጋለች። ማሽኑ ግን ታቡን እንደ ስምንት ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ የእሷ መስመር «ለእያንዳንዱ ሰው ይህን አድርግ» ከሚለው ትእዛዝ ሥር የገባ መስሎ ውጭ ቆሟል። ማሽኑ ስድሳውን ስም በየተራ አነበበ፤ ማንንም ሳይጠራ። ሲጨርስ እጁ ላይ የቀረውን የመጨረሻውን ስም ጠራ።

«ማሽኑ መደባለቅ አይወድም ልልዎት ነበር ያን ዕለት» አለች ሰናይት፣ «ከዚያ እኔም ረሳሁት።»

ምን ልበል? ሲጣሉ ፋይሉ አንድም በታብ አንድም በስፔስ ወጥ ነበር። ያደባለቅኩት እኔ ነኝ። ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ ይላሉ፤ ሽማግሌ ሲያጠፋስ ማን ዘንድ ይኬዳል?

«በታብ አድርገው» አለች ሰናይት። «በስፔስ ይሁን» አለ ሀለኬ። እኩል ነው የተናገሩት። የሳቀ የለም። እሱ ፋይሉን በሙሉ ወደ ስፔስ ለወጠው፤ እሷና እኔ ዝርዝሩን ተካፍለን በእጃችን መደወል ጀመርን። ሰባተኛው ሰው ላይ ስንደርስ ሲስተር ራህማ ደወለች።

«ይበቃል» አለች፣ «ግቢው በቦዳ ቦዳ ሞልቷል።» ቦዳ ቦዳ እዚህ ሰው የሚያመላልሰው ሞተር ብስክሌት ነው።

የመጨረሻው ስም ምዜ ዋሪዮ ነበሩ። ምዜ ማለት እዚህ አባባ እንደማለት ነው። ድሮ የጭነት መኪና ይነዱ ነበር፤ አሁን ማንያታ በተባለው ሰፈር ዐርፈው ይኖራሉ። መልእክቱ በኦሮምኛ ሲደርሳቸው ደነገጡ፤ ጥቂት ቆይተው ወጡ፤ የመጀመሪያውን ሞተር ብስክሌት አስቁመው «ሆስፒታል፣ ቶሎ» አሉ። የሞተሩ ነጂ ልጅ ማን ታመመ ሲላቸው ስልኩን አሳዩት። ልጁ አነበበና እሳቸውን ከማሳፈሩ በፊት በተርታ ለቆሙት ጓደኞቹ ተጣራ። አሥራ አንድ ሞተር ተከታትሎ ገባ። ምዜን ጨምሮ የአራቱ ደም ከእናትየዋ ጋር ገጠመ። እናትየዋ ማታውን ዓይኗን ገልጣ ልጇን ጠየቀች።

ሐሙስ ዕለት ሦስታችንም ይቅርታ ለመጠየቅ ማንያታ ሄድን። እንግዳ መስለናቸው ወንበር አወጡልን። ሀለኬ ሁሉንም ነገራቸው፤ ታቡን፣ ስፔሱን፣ የኔንም ፍርድ አልደበቀም። ምዜ ዋሪዮ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

«ለኔ ብቻ ነው የመጣው?» አሉ።

«ለእርስዎ ብቻ።»

«እኔ እኮ ሁሉም የደረሰው መስሎኝ፣ ሰው ሞልቶ ይመልሱኛል ብዬ ልቀር ነበር። ጫማዬንም አድርጌ ተመልሼ ተቀምጬ ነበር።» ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ እርግብ ተነሥታ ሄደች።

«አሁን ተስተካክሏል?»

«ተስተካክሏል፣ ምዜ» አለች ሰናይት።

«ጥሩ ነው። አዲስ ሰው ስትመዘግቡ ግን ከእኔ በላይ ጻፉት። የኔን ስም ከመጨረሻው አታንሱት።»

«ለምን?» አለ ሀለኬ።

«እንደገና ቢበላሽ፣» አሉ ምዜ ዋሪዮ፣ «እኔ እቤት ነኝ።»