ወላሂ፣ ወንዝ ሽቅብ ካልፈሰሰ

እኛ ሰዎች «አይሆንም» የምትለዋ ቃል አጭር ሆና ትከብደናለች መሰል፣ ልጅ አንድ ነገር በጠየቀን ቁጥር እንስሳውን ሁሉ ለምስክርነት እንጠራለን። «ዶሮ ጥርስ ስታወጣ» እንላለን። «አህያ ቀንድ ስታበቅል» እንላለን። ጠያቂውም ይገባውና አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። አገር ቤት እንዲያ ነበር። አሜሪካ የተወለደ ልጅ ግን፣ ልንገራችሁ፣ አንገቱን አይደፋም። ስልኩን አውጥቶ ጥርስ ያላትን ዶሮ ይፈልጋል።

ልጄ ሰይድ እዚሁ ላስ ቬጋስ የሆቴል እንግዳ ከኤርፖርት የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ልጁ ሀያት ነርስነት ተምራ እንደጨረሰች ፍሎሪዳ ሥራ አገኘችና ብቻዬን ልሂድ አለች። ብቻዬን! ያላገባች ልጅ፣ ከአሜሪካ ጫፍ እስከ ጫፍ። ደግሞ የነገረችው መቼ መሰላችሁ? ከሺፍት ደክሞት ገብቶ አንድ እግሩን ከጫማው ሲያወጣ።

«ወላሂ፣ ወንዝ ሽቅብ ካልፈሰሰ አትሄጃትም!» አላት።

ተረት ብቻ ቢሆን ምን ገዶኝ፤ መሐላ ጨመረበት። ሀያት አላለቀሰችም፣ በርም አላላተመችም። «ኦኬ» ብላ ገባች። እኔ ልቤ ፈራ። ልጅ ሲጮህ ሳይሆን ሲስማማ ነው መፍራት።

ሰይድ ግን እንቅልፉን ለጥ አለ። ምን ያስጨንቀዋል? ኮምቦልቻ ነው ያደገው፤ የቦርከና ወንዝ ሽቅብ ሲወጣ አላየ። እኛ ያለንበት ሰንራይዝ ማነር ደግሞ፣ ሽቅብ የሚፈስ ወንዝ ይቅርና ቁልቁል የሚፈስም የለ።

በሳምንቱ ላፕቶፗን ታቅፋ መጥታ መካከላችን ተቀመጠች።

«ዳዲ፣ ሪቨሩን አገኘሁት።»

«የምን ወንዝ?»

«ሽቅብ የሚሄደው። ፍሎሪዳ ነው።»

ምስኪን፣ ለካ አባቷ «በጭራሽ» ማለቱን አልሰማችም! የሰማችው ውል ነው። ወንዝ አምጪና ሂጂ የተባለች መስሏታል፣ አመጣች። ነገሩ እንዲህ ነው አለችን፦ ወንዙ ባሕሩ ጋ ሲደርስ መሬቱ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ጨረቃ ባሕሩን ትስበዋለች፤ ባሕሩ ያብጥና ወንዙን ወደመጣበት ይገፋዋል፤ ኋላ መልሶ ይለቀዋል። በየቀኑ! ቪዲዮውንም አሳየችን። እኔ ሱብሐነላህ አልኩ። ሰይድ የሚለውን ሁሉ ቀድሞ ጨርሶታል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኸው ነው።

«ቪዲዮ ውሸት ነው» አለ በስተመጨረሻ። «በዓይኔ ካላየሁ አላምንም።»

ይህንንም ጠብቃዋለች ለካ። ካያክ የሚሉትን ጀልባ በስዕል አሳየችን፤ ከብት የሚጠጣበት ገንዳ ነው እቴ፣ ጫፍና ጫፉ የሾለ። ለጀማሪ የሚሆን ጸጥ ያለ ወንዝ መርጫለሁ አለች። ውሃው መውጣት ሲጀምር እሷና አባቷ ይገቡና እሱ ራሱ ይዟቸው ሽቅብ ይሄዳል፤ ሲዞር አብረውት ይመለሳሉ። ሰዓቱ ከተሳተ ግን ከውሃ ጋር ግብግብ ነው። ጠዋት፣ ንፋስ ሳይነሳ። የሚያንሳፍፈው ላይፍ ጃኬት አይወልቅም። የሚጠጣ ውሃ ይያዛል፣ ያኛው ጨው ነውና።

ሰይድ ፊቱን አጨፍግጎ፣ «አዞስ?» አላት።

«አለ። ግን ሻይ ነው።»

«ሻይ?» አልኩ እኔ።

«ዓይን አፋር ማለቷ ነው፣ እማ» አለኝ ልጄ፣ ሳይስቅ። «የሚያፍር አዞ አግኝታ ልትወስደኝ ነው።»

እንዲህ እያለ ግን መሐላ ነውና ፈቃድ ጠይቆ ከሥራ ዕረፍት ወሰደ። ሽቅብ ካልፈሰሰ ይዤሽ እመለሳለሁ፣ ከፈሰሰ መርቄሽ ነው የምመለሰው አላት። ዋና ስለማይችል ሁለት ሰው የሚይዘው ካያክ ተመረጠ። እዚህ ላይ ክብሩ ትዝ አለው።

«ከፊት እኔ ነኝ። አባት ከልጁ ኋላ አይቀመጥም!»

«እሺ አባዬ» አለች፣ በአማርኛ። ሰይድ ደስ ብሎት ለወንዙ ያዘጋጀውን ኮፍያ ሊሞክር ወደ መስታወቱ ሄደ።

ወደ ጓዳ ስትገባ ተከተልኳት። ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ምን ያስቅሻል ብላት፣ «አያቴ፣ ካያክ ላይ የሚመራው ከኋላ ያለው ነው» አለችኝ።

አልነገርኩትም። ሹፌር ነው ልጄ፤ ከፊት የተቀመጠ ሁሉ የሚነዳ ይመስለዋል። ይምሰለው። ወላጅ ሆኖ ያልመሰለው ማን አለ?

የአውሮፕላን ቲኬቱንም አሳየችኝ። የአባቷ የደርሶ መልስ ነው። የእሷ መሄጃ ብቻ።

ይህንንም አልነገርኩትም። ወንዙ ይንገረው።