ጋሽ ሀብቴ የቆረጡት ቀን

መሬት አንዴ ከተንቀጠቀጠች በየሰፈሩ አንድ ነቢይ ሳይነሣ አይቀርም። ወልድያ በዚህ ረገድ ታድላለች፤ ጋሽ ሀብቴ አሏት። ክቡርነታቸው ከመንገድ ሥራ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የከርሰ ምድር ጉዳይ ጠቅላይ ኃላፊ ናቸው። የሾማቸው የለም፤ የሚሽራቸውም አልተገኘም። ውሻ ከጮኸ፣ የጉድጓድ ውኃ ከደፈረሰ ወይም ጉልበታቸውን ከቆረጠማቸው በቃ፤ "ምልክቱን አይቻለሁ" ይላሉ።

ግቢያቸው ውስጥ ክፍል የተከራየችው ኤደን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምድር ሳይንስ ታስተምራለች። ከአፋር በኩል የመጣው ንዝረት የየቤቱን ብርጭቆ ያንቃጨለ ዕለት፣ የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ የመጣው እሷ ዘንድ ነበር። በዚያች ቀጭን ድምጿ አስረዳች። ስንጥቁ የት እንዳለ ይታወቃል፤ ውጥረቱ የሚጠራቀምበት ጥልቀት ግን መሣሪያ አይደርስበትም። ትንሹ ንዝረት የትልቁ መልእክተኛ ይሁን ወይም በራሱ የመጣ፣ የሚለየው ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ታዲያ መቼ ነው ሲሏት ቀኑን ማንም አያውቅም አለች። ሰዉ በትሕትና አመስግኗት ወደ ጋሽ ሀብቴ ሄደ። እሳቸው ቀን ነበራቸው። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ኤደንን ያንገበገባት ግን ሌላ ነው። የጋሽ ሀብቴ ባለቤት፣ እትዬ ሸዋዬ፣ የሚተኙት በንዝረቱ በተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ ሥር ነው። በእንጨት ይደገፍ ብላ ስንቴ ለመነች። ክቡርነታቸው ቅዳሜ ለሚፈርስ ግድግዳ ምን አደከመኝ ብለው አለፏት።

ቅዳሜ ጠዋት የእድሩ ድንኳን ከነአግዳሚው ወጥቶ ግቢው መሐል ተተከለ። ሰፈሩ ዘጠኝ ሰዓትን እዚያ ሥር ይጠብቃል፤ ጣሪያው ሸራ ነውና ቢወድቅም ሰው አይገድልም። ሐሳቡ ግሩም ነበር። የእድር ድንኳን ሲተከል ያየ አላፊ አግዳሚ ምን እንደሚያስብ ብቻ ማንም አላሰበበትም።

የጋሽ ሀብቴ የድሮ ባልደረባ አቶ አብዱልመሊክ ከመርሳ በሚኒባስ ሲመጡ ድንኳኑን ከአስፋልቱ አዩት። "ኢና ሊላሂ፣ ሀብቴ ወንድሜን" እያሉ፣ እንባቸው እየወረደ ገቡ። ከኋላቸው የላይ ሰፈር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮና እንጀራ ተሸክመው ተከተሉ። ሟቹ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሰዓታቸውን ያያሉ።

"አንተ፣ አልሞትክም እንዴ?" አሉ አቶ አብዱልመሊክ።

"ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም" አሉ ጋሽ ሀብቴ።

ዘጠኝ ሊሞላ ሲል ኤደን ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ለምን እንደሆነ ለራሷም አልገባትም። ያን ሁሉ ሳይንስ ይዛ እግሯ ሥር ያለውን መሬት ታዳምጣለች። ሞላ። አለፈ። ውሻ እንኳ አልጮኸም። ከሴቶቹ አንዷ ሳቀችና ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። ጋሽ ሀብቴ አንገታቸውን ደፉ።

"ሰውዬ፣ ዘጠኝ ሰዓትስ አለፈ" አሉ እትዬ ሸዋዬ በቀስታ። "እኔ ዛሬም የምተኛው እዚያው ግድግዳ ሥር ነው።"

ሳቁ ቆመ። ጋሽ ሀብቴ ወደ ኤደን ዞሩ።

"ልጄ፣ ቀኑ ካልታወቀ ታዲያ ምን ይደረጋል?"

"ቀኑ ስለማይታወቅ ነው ጋሼ፣ ዛሬውኑ የሚደረገው።" ድምጿ ያን ያህል ከፍ ብሎ ወጥቶ አያውቅም።

አቶ አብዱልመሊክ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ድንኳኑ ሥር የተሰበሰበው ወንድ ሁሉ እንጨት ሊያቀብል፣ ጭቃ ሊረግጥ ተነሣ። ክቡርነታቸውም ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጭዱና ጭቃው መሐል ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ፣ አጠገባቸው ለሚረግጠው ሁሉ የመጪውን ወር ትንበያ ማደል ጀመሩ።

ኤደን ልታርማቸው አፏን ከፈተችና ተወችው። እሷ እውነቱን ስትናገር ከመቀመጫው የተነሣ አልነበረም፤ በእሳቸው ስሕተት ሰፈር ሙሉ ወጥቶ የእትዬ ሸዋዬን ግድግዳ ይዟል። ጫማዋን አውልቃ ገባች። ጋሽ ሀብቴ ትንበያቸውን ሳያቋርጡ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።